ምስክሩ ህሊና፦ የበዓሉ ግርማ ልቦለዶች ከሱጴ እስከ አስመራ

ህሊና ዳኛ ነው ወይስ ምስክር? ዳኛ ከሆነ ይፈርዳል፣ ፍርዱንም ያስፈጽማል፤ ሰውየው ያጠፋውን የሚከፍለው እዚያው ደረቱ ውስጥ ነው። ምስክር ከሆነ ግን ያየውን ከመናገር ያለፈ ሥልጣን የለውም። የሚሰማው ችሎት ካጣ ሲናገር ይኖራል እንጂ አንዳች ነገር አይለውጥም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ህሊናን በሰው ውስጥ የተሰየመ ችሎት አድርጎ ገልጾታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ስለ አሕዛብ ሲያስረዳ ህሊናን በምስክርነት ያቆመዋል። በአማርኛ ልቦለድ ይህን ጥያቄ ከበዓሉ ግርማ አብልጦ የመረመረ ደራሲ ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም። መልሱ ወደ ጳውሎስ ያደላል፤ በበዓሉ መጻሕፍት ህሊና ሁሉን ያያል፣ ይመሰክራል፣ ሥልጣን ግን የለውም።

በዓሉ በ13 ዓመት ውስጥ ስድስት ልቦለዶች አሳትሟል፦ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962፣ «የህሊና ደወል» በ1966፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ» እና «ደራሲው» በ1972፣ «ሀዲስ» እና «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም.። ወንጀል፣ ስለላ፣ ቅናትና ክህደት በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሞልተዋል፤ አንባቢ እንቅልፍ አጥቶ የሚያነባቸውም ስለዚህ ነው። ሆኖም ልብ የሚያንጠለጥለው «ማን አደረገው?» የሚለው አይደለም። «አደረግሁ ብሎ ራሱን ቀና ብሎ ማየት ይችላል ወይ?» የሚለው ነው። አሳዳጁም ተሳዳጁም አንድ ሰው ሲሆን ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ የሚባለው ልቦለድ ይወለዳል። የስለላ ታሪኮችን ለአማርኛ አንባቢ በማቅረብ ስሙ የሚነሳው ማሞ ውድነህ ነው፤ ወጥመዱን በገጸ ባሕርይ ደረት ውስጥ የዘረጋው ግን በዓሉ ነው።

በዓሉ የተወለደው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በኢሉባቦር ከመቱ በስተሰሜን ባለችው በሱጴ ነው። አባቱ ከህንድ የመጣ ነጋዴ፣ እናቱ የአገሩ ልጅ ናት። ህንዳዊ ነጋዴ ሱጴ ድረስ መዝለቁ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ቢመስልም ለዚያን ጊዜው ኢሉባቦር እንግዳ አልነበረም። ከ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንስቶ የኢሉባቦር ቡና በጎሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ ይወርዳል፣ ከዚያም በክረምት ባሮ ሲሞላ በጀልባ ወደ ካርቱም ይጫናል። ግሪኩም ዓረቡም ህንዱም ይህን ንግድ ተከትሎ ጎሬ ላይ ሱቅ ከፍቷል። ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ነበረች፤ በኋላ መቀመጫው ወደ መቱ ተዛወረ። በ1928 ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ በራስ እምሩ የሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት የተቀመጠውም በዚሁ በጎሬ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በአካባቢው ከባድ የነበረው ጥያቄ ለማን መታመን ይገባል የሚለው ነበር። ልጁ የተወለደው እንዲህ ባለ ዘመን ነው። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በልዕልት ዘነበወርቅ፣ ቀጥሎም በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወጥቶ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት አጠና። ሲመለስ «መነን»ን፣ «አዲስ ሪፖርተር»ን፣ «አዲስ ዘመን»ንና «ኢትዮጵያን ሄራልድ»ን በአዘጋጅነት መርቷል።

ወደ ትውልድ ቦታው በልቦለድ የተመለሰው በ«የህሊና ደወል» ነው። ሀዲስ የተባለ ወጣት መምህር ሱጴ ይደርሳል፤ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ሕዝቡን ሲያነሳሳ ከአካባቢው ባለጊዜዎች ጋር ይጋፈጣል። በዓሉ ከአብዮቱ በኋላ ይህንኑ ታሪክ አስፍቶና ለውጦ «ሀዲስ» በሚል ርእስ አወጣው። መጽሐፉ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ብርሃን አለው። ምክንያቱ የመምህሩ ደግነት ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ከተማ ለህሊና የምታዘጋጀው ቦታም አስተዋጽኦ አለው።

የኢሉባቦርን ትናንሽ ከተሞች፣ ሱጴን፣ ያዮን፣ ሁሩሙን፣ አልጌን፣ ቡሬን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አዲስ መምህር ከመኪና ሲወርድ ማን ቤት እንደሚያርፍ ሳይመሽ ይታወቃል። ጓሮ የተሰጣ ቡና በዝናብ ሲረጥብ ሮጦ ያነሳው ማን እንደሆነ፣ ቆሞ ያየውም ማን እንደሆነ ጎረቤት ይናገራል። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ደወል የሚባለው ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመታ ድምፁ ከግቢው አልፎ ገበያ ድረስ ይሰማል። የመምህሩ ደወል ሌላ ሥልጣን የለውም፤ ልጁን ከቤቱ ጎትቶ አያመጣም። ሰሚ ስላለው ግን ይሠራል። በሱጴው ልቦለድ ህሊና ኃይል የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ምስክሩ ይናገራል፣ ማኅበረሰቡ ችሎት ሆኖ ይሰማል።

ይህ ዓይነቱ ችሎት በአገሩ አስተሳሰብ ውስጥ ሥር አለው። በኦሮሞ ዘንድ ሰፉ የሚባለው ሥርዓት ሰው ከዋቃ፣ ከሽማግሌ፣ ከጎረቤትና ከተፈጥሮ ጋር ባለው ግንኙነት ሊያልፈው የማይገባውን ወሰን ይመለከታል። ሰፉን የጣሰ ሰው በደሉ በራሱ ላይ ብቻ አይቀርም፣ በቤተ ዘመዱና በመንደሩ ሰላም ላይም ይመጣል። ላምበርት ባርተልስ የተባሉት ካህን በምዕራብ ወለጋ ከሜጫ ኦሮሞዎች ጋር ኖረው በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን በሰፊው አሳይተዋል። ኦርቶዶክሱ በበኩሉ የንስሐ አባት አለው፤ ህሊናው የመሰከረበትን የሚያሰማበት ጆሮ ከቤቱ አይርቅም። ሙስሊሙም በቁርኣን ሱረቱል ቂያማ መግቢያ ላይ ራሷን የምትወቅስ ነፍስ እንደተጠቀሰች ያውቃል፤ ወቀሳዋም የሚነሳው ስለ ትንሣኤ ቀን በሚናገር ምዕራፍ ውስጥ ነው። ሦስቱም ወገን በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ህሊና ብቻውን አልተተወም። ሌላም ዓለማዊ ሥርዓት ነበር። ወንጀለኛው ባልታወቀ ጊዜ የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ከቤቱ ሳይመለስ የሚውልበት አውጫጭኝ። አውጫጭኝ ጨካኝም አድሏዊም ሊሆን ይችላል፤ ሐሜትን ምስክርነት የሚያደርግበት ጊዜ ብዙ ነው። ቢሆንም «ያየ አለ» ከሚል እምነት ይነሳል።

ይህ እምነት ከተማ ሲገባ ምን ይሆናል? «ከአድማስ ባሻገር» የሚጠይቀው ይህንን ነው። አበራ ወርቁ የተማረ፣ ሥራና ደመወዝ ያለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ምንም ያልጎደለበት ወጣት ነው። ሠዓሊ መሆን ይመኛል፣ ሥዕሉን ግን አይጀምርም፤ ቢጀምርም አይጨርስም። ሉሊት ታደሰን ይወዳል፣ ፍቅሩንም ይጠራጠራል። ኃይለማርያም ካሳ የቅርብ ወዳጁ ነው፤ የሚተማመኑትን ያህል ይፎካከራሉ። ቤተሰቡ እንደ ሰው አግብቶ ቤት እንዲይዝ ይጠብቅበታል። በዙሪያው ሰው ሞልቷል፣ ችሎት የሚሆን ግን የለም። ጎረቤቱ ጉዳዩን አያውቅም፣ ለመሥሪያ ቤቱም ሰዓት አክባሪነቱ ይበቃዋል። ህሊናው ከጠዋት እስከ ማታ ይመሰክርበታል፤ አበራ ያዳምጠውና አንድ ብርጭቆ ይደግማል። ቅናት በዚህ ባዶ ቤት ገብቶ ምን እንዳደረገ መጽሐፉን ላላነበበ መናገር ነውር ስለሆነ እዚህ ይታለፋል።

በዚያው በ1962 የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ታትሟል። አንድ ዓመት ሁለት እንዲህ ያሉ ልቦለዶችን መውለዱ በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከአራት ዓመት በፊት በ1958 ሲወጣ በደሉ በሥርዓቱ ላይ ነበር፣ ገጸ ባሕርያቱም ከውጭ ኃይል ጋር ይታገላሉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲ ያፈራው ወጣት የራሱን ልብ እንደ ባዕድ አገር መጎብኘት ጀምሯል። የዳኛቸው መጽሐፍ ቋንቋውን ጭምር እያናወጠ ይህን ሲሞክር፣ በዓሉ በጋዜጠኛ አጭር ዓረፍተ ነገርና በምልልስ ሄደበት። አደፍርስ ተመራማሪ ይፈልጋል፤ አበራን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል፣ አንዳንዱም ይመስለዋል።

የዓለምን ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ከተመለከትን ሁለት ጫፎች ይታያሉ። በዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» (1866 እ.ኤ.አ.) ገዳዩ ራስኮልኒኮቭ መሆኑን አንባቢ ገና ከመጀመሪያው ያውቃል፤ የሚጠበቀው ህሊናው መቼ አንበርክኮ እንደሚያናዝዘው ነው። እዚያ ህሊና በመጨረሻው ዳኛ ይሆናል። አሜሪካዊቷ ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ በ1955 እ.ኤ.አ. የፈጠረችው ሪፕሊ ደግሞ ገድሎ የሟቹን ልብስ ለብሶ ይኖራል፤ የሚፈራው ፖሊስን ነው፣ ህሊናው ዝም ብሏል። በዓሉ ከሁለቱም ጎራ አይደለም። ገጸ ባሕርያቱ እንደ ሪፕሊ አይደነዝዙም፣ እንደ ራስኮልኒኮቭም ተንበርክከው አይነሱም። ጥፋታቸውን ያውቃሉ፣ በማወቃቸውም አይድኑም። ይህ ከሁለቱም የበለጠ የሚያስጨንቅ ነው፤ ብዙ ሰው የሚኖረውም በዚሁ መሃል ነው።

አብዮቱ ለዚህ ጭንቀት መድኃኒት አለኝ ብሎ መጣ። በማርክሳዊው አስተምህሮ የግለሰብ ህሊና ከመደቡ ኑሮ የተወለደ ነው፤ ስለዚህ የአበራ ዓይነቱ ማመንታት የንዑስ ከበርቴ በሽታ ተብሎ ይታለፋል። «የቀይ ኮከብ ጥሪ» በዚህ መንፈስ የተጻፈ ሲሆን ከስድስቱ ሁሉ ደካማው እርሱ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ሲጠራጠሩ መልሱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። ምስክሩ ሳይናገር ፍርዱ የተጻፈበት ችሎት ልብ አያንጠለጥልም። በዚያው ዓመት የወጣው «ደራሲው» ግን ጥያቄውን መልሶ ከፈተው። ሲራክ በኑሮውና በድርሰቱ መካከል የተወጠረ ጸሐፊ ነው፤ ብዙ አንባቢ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ያይበታል። መጽሐፉ የሚያነሳው ፍልስፍናዊ ነገር ከዚህ ሐሜት በላይ ይከብዳል። ደራሲ የሌሎችን ገመና ለመመስከር ሲል የራሱን ቤት ቢበድል ማን ይጠይቀዋል? እውነትን መጻፍ ለጸሐፊው ከሌላው ሰው የተለየ ፈቃድ ይሰጠዋል? «ደራሲው» አይመልስም። ነገር ግን ለቀጣዩ መጽሐፍ መንገድ ጠረገ፤ ጸሐፊ ራሱ የምስክርነቱ ባለ ዕዳ መሆኑን በዓሉ እዚህ ላይ ተቀብሏል።

«ኦሮማይ» የሚጀምረው ባለሥልጣናትንና ጋዜጠኞችን ወደ አስመራ በሚያጓጉዝ አውሮፕላን ነው። ዘመኑ 1974 ዓ.ም.፣ ጉዳዩ ወታደራዊው መንግሥት ደርግ በኤርትራ በሻዕቢያ አማጽያን ላይ የከፈተው የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ ነው። በዓሉ ራሱ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ሆኖ በዘመቻው ተሳትፏል። ታሪኩን በአብዛኛው የሚነግረን የቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ነው፤ ሥራው ዘመቻውን ለሕዝብ ማሞገስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሮማን የምትባል እጮኛ ትጠብቀዋለች፤ አስመራ ላይ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። በከተማው ውስጥ ስዕላይ ባራኺ የተባለ የሻዕቢያ ሰላይ መረቡን ዘርግቷል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ሁሉ የስለላ ልቦለድ ወግ ነው፦ ድብቅ ቀጠሮ፣ ድርብ ታማኝነት፣ ሳቁ የማይታመን ወዳጅ።

ሱጴና አስመራ እዚህ ላይ ቢነጻጸሩ ልዩነቱ ጉልህ ነው። በሱጴ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል፣ ስለዚህ ህሊና ሰሚ አያጣም። በጦርነቱ አስመራም ሁሉም ሁሉንም ያያል፤ ነገር ግን ያየውን የሚያደርሰው ለስለላ ቢሮ ነው። ማየት እንደ በፊቱ አለ፤ የታየው የሚሄድበት ቦታ ተለውጧል። የአውጫጭኙ ጉባኤ «ማን አጠፋ?» ብሎ ለመንደሩ ሰላም ሲል ይጠይቅ ነበር። ሰላዩ ግን ያንኑ ጥያቄ የሚጠይቀው ለገዛው ወገን ነው። ጸጋዬ በዚህ ከተማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሰለላል፦ አንድ ጊዜ በጠላት፣ ሌላ ጊዜ በራሱ። በቀን የዘመቻውን ድል ይዘግባል፤ ማታ ያየውን ከዘገበው ጋር ያስተያያል። የአማጽያኑ ምሽግ ናቅፋ ሳይያዝ ሲቀርና የዘመቻው ዋጋ ሲታይ ይህን ማስተያየት መሸሽ አልተቻለውም።

ጸጋዬን ጀግና አድርጎ የሚያነብ አንባቢ መጽሐፉን ያቀለዋል። ጸጋዬ ፕሮፓጋንዲስት ነው፤ ብዙውን ውሸት በገዛ ብዕሩ ጽፏል፣ ሮማንንም በድሏል። ህሊናው አላዳነውም፣ ከጥፋትም አላስጣለውም። ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ የሆነውን እንደሆነ እንዲናገር አስገደደው። በዚህም «ኦሮማይ» ከልቦለድ ይልቅ ወደ ኑዛዜ ይጠጋል። ልዩነቱ የሚሰማው ሰው ላይ ነው። የንስሐ አባት የሰማውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ተናዛዡም የሚናገረው የራሱን ኃጢአት ብቻ ነው። ደራሲ ግን በአደባባይ ይናዘዛል፣ ሲናዘዝም የአለቆቹን ኃጢአት አብሮ ያወጣል። ደርግ መጽሐፉን በንስሐነት ሳይሆን ምስጢር በማውጣት ወንጀልነት አነበበው። በአነባበቡ ፈጽሞ ተሳስቷል ማለት ያስቸግራል፤ ኑዛዜውም ክሱም በአንድ ገጽ ላይ ነበሩና። የደርግ ስህተትም ወንጀልም ላነበበው የሰጠው ምላሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። በዓሉ ለዓመታት የመንግሥቱ አፍ በሆነ መሥሪያ ቤት ሠርቷል፤ ብዙዎች በቀይ ሽብር ሲያልቁ እርሱ በወንበሩ ላይ ነበር። ታዲያ የእርሱ ህሊና ደወል የመታው ዘግይቶ አይደለምን? ተቃውሞው ትክክል ነው፣ ሊሸሽም አይገባም። ሆኖም ህሊና ዳኛ ቢሆን ኖሮ ነው መዘግየቱ ምስክርነቱን የሚያፈርሰው፤ ዘግይቶ የተሰጠ ፍርድ ፍርድ አይባልምና። ምስክር ግን ዘግይቶም ምስክር ነው። እንዲያውም በውስጡ የነበረ፣ እጁም ያለበት ሰው የሚሰጠው ቃል ከሩቅ ተመልካች ቃል ይልቅ ብዙ ያስረዳል። በዓሉ ንጹሕ ነኝ አላለም፤ ጸጋዬን ንጹሕ አድርጎ አለመፍጠሩ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ያወጣው «ኦሮማይ» በጥቂት ቀናት ውስጥ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ። ሾልከው የቀሩት ቅጂዎች በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በዓሉ ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ቮልስዋገኑ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቃሊቲ በኩል ቆማ ተገኘች። አስከሬኑ እስካሁን አልተገኘም። መጽሐፉ ደርግ ከወደቀ በኋላ በተደጋጋሚ ታተመ፤ የደራሲውን ሕይወትና ሥራ እንዳለጌታ ከበደ በሰፊው ጽፎታል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ «ኦሮማይ» በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ወጥቷል። የውጭ አንባቢ የሚያውቀው የስለላውን በዓሉ ነው።

የአማርኛ አንባቢ የተሻለ ዕድል አለው፤ ስድስቱንም በቋንቋው ማንበብ ይችላል። የተለመደው ከ«ኦሮማይ» መጀመር ነው፤ ለህሊና ጥያቄ ግን ይህ ቅደም ተከተል አይመችም። የመቱ፣ የጎሬና የበደሌ መምህራን ለተማሪዎቻቸው በቅድሚያ ሊሰጡ የሚገባው «ሀዲስ»ን ነው፤ ቀጥሎ «ከአድማስ ባሻገር»ን፣ በመጨረሻ «ኦሮማይ»ን። በሱጴ ሰሚ የነበረው ደወል በአስመራ ሰሚ እንዴት እንዳጣ የሚገባው በዚህ መንገድ ያነበበ ሰው ነው።